ባብል ሲፓፕ ላይ ያለ ብሮንኮላይትስ፦ አረፋው ሲቆራረጥና ሆድ ሲነፋ

ሲስተር፣ የጠየቅሽው ይህ ነው፦ የ7 ወር ልጅ፣ 7 ኪሎ፣ ብሮንኮላይትስ (የሳንባ ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች ኢንፌክሽን)። ባብል ሲፓፕ (ኦክስጅንን በአፍንጫ በግፊት የሚሰጥ፣ የመውጫ ቱቦው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚጠልቅ መሣሪያ፤ ግፊቱ በጥልቀቱ ይለካል) በ5 ሴንቲሜትር ተጀምሮለት አረፋው መጣ ሄድ ይላል፣ ሆዱም ተነፍቷል፤ ወደ 8 ላሳድገው ወይ? አሁን አታሳድጊው። አረፋ ከሌለ ቱቦው 8 ሴንቲሜትር ቢጠልቅም ያን ያህል ግፊት ልጁ ጋ አይደርስም።

ፕሮንጉን (አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን ባለ ሁለት ጫፍ ቱቦ) ከአፍንጫው አውጥተሽ የፕሮንጉን ሁለቱንም ቀዳዳ በጣትሽ ድፈኚ። አረፋ ካልመጣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ የሂውሚዲፋየሩን (የአየር ማርጠቢያውን) ክዳን፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ ከዚያ ፍሎውን (በደቂቃ የሚፈሰውን የአየር መጠን) እይ። ከመጣ ግን የሚያፈሰው አፍንጫ ወይም አፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮንጉ አንሶ ነው የሚገኘው፤ የአፍንጫውን ቀዳዳ መሙላት አለበት፣ ዙሪያው ያለው ቆዳ ግን መንጣት የለበትም። ለዚህ ልጅ ፍሎው በደቂቃ ከ5 እስከ 7 ሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። የሆነ ቦታ ትንሽ ካፈሰሰ ከ5 ሊትር የማያልፍ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን) አይበቃም። ልጁ ሲያለቅስ አረፋው ለአፍታ ቢቆም ግን ምንም አይደለም።

የባሰ የሚያሳስተው ተቃራኒው ነው፦ ጠርሙሱ እየተንተከተከ ልጁ እየደከመ ሲሄድ። ፕሮንጉን ስታወጪ አረፋው መቆም ወይም በጣም መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ፕሮንጉ በንፍጥ ተደፍኗል፤ ወይም ፍሎው በዝቷል። በየአፍንጫው ጥቂት ጠብታ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) አድርገሽ ከፊት ከፊቱ ብቻ ሰክሽን አድርጊ (ንፍጡን ምጠጪ)። ጥልቅ ሰክሽን የአፍንጫውን ውስጥ ያሳብጣል። ወደ ጠርሙሱ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃም ግፊት ይጨምራልና ይፍሰስ። የጠርሙሱን ክዳን አጥብቆ የሚዘጋ ሰው አይጠፋም፤ አየር መውጫ ካላገኘ ግፊቱ ከሴንቲሜትሩ በላይ ይወጣል፣ ሳንባንም ይጎዳል።

ሆዱ የተነፋው የዋጠው አየር ነው። ቁጥር 8 የጨጓራ ቱቦ በአፉ አስገብተሽ በሲሪንጅ አየሩን ሳቢ፣ ከዚያ ጫፉን ክፍት ተዪው። የተነፋ ሆድ ዲያፍራሙን ይገፋል፣ ትንፋሹንም ያሳጥራል። በዚህ ትንፋሽ ጡት ወይም ጡጦ አይሰጠውም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም የሚያቃስት፣ ደረቱ የሚሰረጎድ ወይም ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ወደ 6፣ ከዚያ 7 ከፍ አድርጊ፤ በየደረጃው ቢያንስ 15 ደቂቃ አልጋው አጠገብ ቆመሽ እይ። ድንገት ቢብስበትና በአንድ በኩል የአየር ድምፅ ካጣሽ ኒሞቶራክስ (አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ መጠራቀሙን) አስቢ፤ ሐኪም አሁኑኑ ይምጣ። ትንፋሹ ከቆመ ሲፓፕ ስለማይተነፍስለት ወዲያው በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) ተንፍሺለት።

ሳልቡታሞል፣ ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክ በየቻርቱ ይታዘዛሉ፤ ለተራ ብሮንኮላይትስ ግን አይጠቅሙም።

በስንት ሰዓቱ ይታይ ላልሽው፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ፣ በሌሊትም። እ.ኤ.አ. 2015 በወጣው የዳካ (ባንግላዴሽ) ጥናት ከባድ ኒሞኒያ ላለባቸው ልጆች በሻምፑ ጠርሙስ የተሠራ ባብል ሲፓፕ ሞት ቀንሷል፤ ሐኪሞች በቅርብ ይከታተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. 2019 በወጣው የማላዊ ጥናት ግን ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት የወረዳ ሆስፒታል፣ ከባድ ኒሞኒያ ባለባቸው በተለይ አደገኛ ሁኔታ ላይ ባሉ ልጆች ላይ ሞቱ በሲፓፕ በኩል በልጦ ተገኝቷል። የሌሊት ተረኛ አንድ ብቻ ከሆነች ይህን ልጅ ከነርስ ጣቢያው ፊት ለፊት አስተኙት፤ ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደርም መብራት ሲጠፋ እንዲደርስ ከአልጋው ጎን ይቁም።