የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መፈንቅለ መንግሥትን ከአህጉር አህጉር ማነጻጸር

ጥያቄ፦ የፖለቲካ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የአፍሪካ ኅብረትንና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀገራት ማኅበርን (አሲያንን) አነጻጽሬ «ለመፈንቅለ መንግሥት የተሻለ ምላሽ የሚሰጠው የትኛው ነው?» የሚል ፕሮፖዛል ባቀርብ አማካሪዬ «ይህ ንጽጽር አይቆምም» ብለው መለሱልኝ። ምን ጎደለው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ርዕሱን አይጣሉት፤ ጥሩ ርዕስ ነው። ችግሩ ሁለት ድርጅቶችን ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥዎ ነው። የአባላቱ ብዛት፣ ታሪኩ፣ የውሳኔ አሰጣጡ፣ የጎረቤት ኃያላን ተጽዕኖ ሁሉ ስለሚለያይ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የሚነጻጸረው ድርጅቱ ሳይሆን እያንዳንዱ መፈንቅለ መንግሥት ይሁን። ማሊ ብቻዋን የ2012፣ የ2020 እና የ2021 ሦስት ጉዳዮች አሏት (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«የተሻለ» የሚለውን ቃል ያውጡትና በሚለካ ነገር ይተኩት፦ ድርጅቱ አገደ ወይስ አላገደም? በስንት ቀን? እግዱን ያነሳው ምን ሲሟላለት ነው?

ከዚያ ደንቡን ያንብቡ። የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 30 ሕገ መንግሥትን ጥሶ ሥልጣን የያዘ መንግሥት በኅብረቱ ሥራ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። በ2007 የጸደቀውና በ2012 ሥራ ላይ የዋለው የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር ደግሞ ፈንቃዮቹ ራሳቸው ሽግግሩን በሚዘጋው ምርጫ እንዳይወዳደሩ ያግዳል። በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የአሲያን ቻርተር ግን አባልን የማገድ አንቀጽ የለውም፤ ውሳኔውም በምክክርና በስምምነት ነው። እንግዲህ «አሲያን ማይናማርን አላገደም» ማለት ግኝት አይደለም፤ ደንቡን መድገም ነው። ይሁንና ከፌብሩዋሪ 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አሲያን ባለ አምስት ነጥብ ስምምነት አውጥቷል፤ በኦክቶበር ጉባኤም የወታደራዊውን መንግሥት መሪ አላስገባም። ታይላንድ ውስጥ በ2014 ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ እንዲህ ያለ እርምጃ አልወሰደም። «ለምን ለማይናማር?» የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ይህ እንዲታይ ምላሹን «አዎ/አይ» ብለው ሳይሆን በደረጃ ይመዝግቡት፦ መግለጫ፣ ልዩ መልእክተኛ፣ መሪውን ከጉባኤ ማግለል፣ እግድ፣ ማዕቀብ።

ብዙ ጽሑፎችን የሚያበላሸው የታገዱትን ሀገራት ብቻ መምረጥ ነው። ያልታገዱት ከሌሉበት የእግድ ምክንያት ምን እንደሆነ አይታወቅም። ዚምባብዌ በ2017 ጦሩ ገብቶበት ሙጋቤ ሥልጣን ሲለቁ ኅብረቱ አላገዳትም። ቻድም በኤፕሪል 2021 ፕሬዚዳንት ዴቢ ሲሞቱ፣ ሕገ መንግሥቱ ከሚያዘው ውጭ ልጃቸው በወታደራዊ ምክር ቤት ሥልጣን ቢይዙም አልታገደችም። ማሊ ግን በሜይ መጨረሻ መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶባት በቀናት ውስጥ ታገደች። በቻድና በማሊ ጉዳዮች መካከል ያለው ከአንድ ወር ትንሽ ያለፈ ጊዜ ነው፤ እግዱን የሚወስነው የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ያው፣ ደንቡም ያው። እኛ ብንሆን የጽሑፉን መሐል የምናደርገው ይህን ጥንድ ነው፤ ከአፍሪካና ከእስያ ንጽጽር የበለጠ ያስተምራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማሊ ውስጥ የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ቀድሞ እርምጃ ወስዷል፤ ቻድ ደግሞ ያለችው በመካከለኛው አፍሪካ ሀገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ልዩነቱ ከኅብረቱ ሳይሆን ከታች ካሉት ቀጣናዊ ድርጅቶች የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመፈተን ጋቦንን (2023) ይጨምሩ፦ የመካከለኛው አፍሪካው ማኅበረሰብ አባል ሆና ሳለ በኅብረቱም በማኅበረሰቡም ታግዳ ነበር።

ቀን ሲመዘግቡም ስብሰባው የተካሄደበትንና መግለጫው የወጣበትን ለይተው ይያዙ። ምክር ቤቱ ስለ ኒጀር ኦገስት 14፣ 2023 ተሰብስቦ እግዱ ይፋ የሆነው ኦገስት 22 ነው። ዜናን ብቻ የተከተለ ሰው ስምንት ቀን ይሳሳታል። መግለጫዎቹን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ በቀጥታ ያውርዱ። ለቃለ መጠይቅም የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ላቲን አሜሪካን ለማካተት ስፓኒሽ ግድ ነው? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የአሜሪካ ሀገራት ድርጅትን ውሳኔ ለማንበብ አይደለም። ሰነዶቹ በእንግሊዝኛም ይወጣሉ፤ ሆንዱራስ በጁን 28፣ 2009 መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶባት ጁላይ 4 የታገደችበትን ጉዳይ በእንግሊዝኛ መከታተል ይችላሉ። የሀገር ውስጥ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የምክር ቤት ክርክር ካስፈለገዎት ግን ስፓኒሽ ግድ ነው። በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የማይጠይቀው አሲያንን በድርጅት ደረጃ ማጥናት ነው፤ በቻርተሩ የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነውና።

ጥያቄ፦ የዴሞክራሲ መለኪያዎችን በአንድ ሠንጠረዥ ስደባልቅ ውጤቱ ግራ ያጋባኛል። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ አቅጣጫቸውን ይመልከቱ። ፍሪደም ሃውስ የተባለው ድርጅት የቆየው መለኪያ ከ1 እስከ 7 ሲሆን 1 ማለት ነጻ ነው፤ አዲሱ ባለ 100 ነጥብ ግን ቁጥሩ ሲጨምር የተሻለ ማለት ነው። ሌሎቹ የዴሞክራሲ መለኪያዎች፣ ቪ-ዴም ከ0 እስከ 1፣ ፖሊቲ ከ−10 እስከ +10 ናቸው። አንዱን ሳይገለብጡ ከሌላው ጋር ካዛመዱ ውጤቱ ተቃራኒ ይወጣል።

ቪ-ዴም የባለሙያዎች ግምት ስለሆነ ከነጥቡ ጋር የላይና የታች ወሰን ይሰጣል። ባህሬንና ኳታርን የመሳሰሉ ቅርብ ነጥብ ያላቸው ሀገራት ወሰናቸው ሰፊ ሆኖ ከተደራረበ በነጥቡ ብቻ «ይህኛው ይበልጣል» አይበሉ።

ፖሊቲ ውስጥ −66፣ −77 እና −88 የሚሉ ቁጥሮች ካገኙ ነጥብ አይደሉም፦ በቅደም ተከተል የውጭ ጣልቃ ገብነት፣ የመንግሥት መፍረስና ሽግግር ማለት ናቸው። ከአማካዩ ውስጥ ከገቡ ሀገሪቱን ከ−10 በታች ሊያወርዷት ይችላሉ። ያስወጧቸው፣ አለዚያም «ፖሊቲ 2» የሚባለውን የተስተካከለ ዓምድ ይጠቀሙ፤ የትኛውን እንዳደረጉም በጽሑፍዎ የአሠራር ክፍል በግልጽ ይጻፉ።