አዲሱ ፕሬዚዳንት፣ ሴቶችና ስደተኞች፦ ጥያቄና መልስ

ጆ ባይደን ሥልጣን ከያዙ ሰባት ሳምንት አለፈ። ካማላ ሃሪስም በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከምርጫው ወዲህ ከዚህ ቡድን አባላት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ፣ ማርች 12 ቀን 2021፣ በአንድነት ልመልስ ተቀምጫለሁ። በቨርጂኒያ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ሳስተረጉም ኖሬ አሁን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው እንድወክል ዕውቅና ተሰጥቶኛል፤ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ስማችሁንና የጉዳይ ቁጥራችሁን አትጻፉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰው ሁሉ ተስፋ አለ ይላል። በእውነት የተለወጠ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። እኔም ተስፋ አድርጌአለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትራምፕ በአንዳንድ አገሮች ዜጎች ላይ የጣሉት የጉዞ እገዳ ተነሣ። ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ሚስትና ልጅ ማምጣት አልቻሉም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ስንት ቤት እንደተለያየ እናንተም ታውቃላችሁ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ዲቪንና አብዛኛውን የቤተሰብ ቪዛ ያቆመው ትዕዛዝ ተሻረ። በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ደግሞ የምግብ ድጎማ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የተቀበለን ሰው ግሪን ካርድ ሊያስከለክል ይችል የነበረው የ2019 ደንብ ቀረ። በሴቶች ቀን፣ ማርች 8፣ በዋይት ሐውስ ውስጥ የጾታ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲቋቋም ተፈርሟል።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። ፕሬዚዳንቱ በፊርማቸው ያደረጉት ሌላ፣ ሕግ ሌላ ነው። ለ100 ቀን አብዛኛው ሰው ከአገር አይባረርም የተባለውን አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አገደው። ወረቀት የሌላቸውን በስምንት ዓመት ለዜግነት የሚያበቃው ደግሞ ገና ረቂቅ ነው። ሴኔት ውስጥ በተለመደው አካሄድ 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ ዴሞክራቶች ያላቸው 50 ነው።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ እህቴ የ2020 ዲቪ ደርሷት ቪዛ ሳታገኝ ቀረች። አሁን እገዳው ስለተነሣ ትመጣለች?

መልስ፦ የ2020 ዕጣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 አብቅቷል፤ የእገዳው መነሣት ያንን መልሶ አያስነሣውም። ፍርድ ቤት የያዘው ክስ ስላለ ወረቀቶቿን አትጣል። የ2021 ዕጣ ያላቸው እስከዚህ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ድረስ ጊዜ አላቸው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ የእኔ ወረቀትስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው ወረቀት? ጥገኝነት ነው? በጋብቻ ነው? ቪዛ ያለፈበት ነው? እንዲህ ተጠይቆ መልስ አይገኝም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ባለቤቴ ዜጋ ነው። ከአዲስ አበባ አምጥቶኝ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ አለኝ። ይመታኛል። ለሰው ብናገር ካርዴን እንደሚያሰርዝ ይነግረኛል። አዲሱ መንግሥት ለእንደኔ ዓይነቷ ምን አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት። ባልሽ ካርድሽን መሰረዝ አይችልም። የሰጠሽ መንግሥት ነው። የሁለት ዓመት ካርድ ሊያልቅ ሲል ባልና ሚስት አብረው አይ-751 የተባለውን ቅጽ ያስገባሉ። የሚመታሽ ከሆነ ግን ያለ እሱ ፊርማ ብቻሽን ታስገቢያለሽ። ጋብቻው የእውነት እንደነበረና የደረሰብሽን ጥቃት ታስረጃለሽ። ለዚህ ፍቺ አያስፈልግሽም፤ ካርዱ እስኪያልቅም አትጠብቂም።

ካርድ ጭራሽ ያልተሰጣትም ሴት፣ ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ አይ-360 በተባለው ቅጽ ለራሷ ታመለክታለች። ይህን መብት የሰጠው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል በ1994 የወጣው ሕግ ነው፤ ረቂቁን በሴኔት ያቀረቡትም እኒሁ ባይደን ነበሩ። ሕጉ ጊዜው አልፏል የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። ያለፈው የበጀት ፈቃዱ ነው፤ የማመልከት መብቱ እንዳለ ነው። ኢሚግሬሽን ማመልከቻሽን ለባልሽ እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል። ከተፋታችሁም በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ማመልከት ይቻላል።

ስለ ማስረጃ አትስጊ። አንድ የማልረሳው መዝገብ አለ፦ ሁለቱም የፈረሙበት የቤት ኪራይ ውል፣ በመልሱ ዕለት የተነሡት ፎቶግራፍ፣ የንስሐ አባቷ ደብዳቤ፣ አንዲት ጎረቤት የጻፈችው ምስክርነት፣ ባልየው «ነገ ወደመጣሽበት እመልስሻለሁ» ብሎ የላከው የስልክ መልእክት ከነትርጉሙ። የፖሊስ ወረቀት በውስጡ አልነበረም። ተፈቀደላት።

ጥያቄ (ከዚያችው)፦ የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነው።

መልስ፦ ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ ይደረጋል፤ ጠበቃሽ ጋር ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ደኅንነትሽ ይቅደም። በአገር አቀፉ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር፣ 1-800-799-7233፣ በማንኛውም ሰዓት ደውለሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ከእሱ ስልክ አትደውይ።

አባል (ከአትላንታ)፦ ይህ ምክር ትዳር ያፈርሳል። እኛ ሽማግሌ ያለን ሕዝብ ነን።

አባል (ከሲያትል)፦ ጋሼ፣ ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር «ቻይው» እየተባለች የኖረች ሴት አውቃለሁ። መጨረሻ የደረሰላት አምቡላንስ ነው።

አባል (ከአትላንታ)፦ የአንዷን ነገር ለሁሉ አታድርጊው። ልጆቹስ ያለ አባት ይደጉ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሽማግሌ ለጠብ ነው፤ ለዱላ ሕግ አለ። እርስዎ የሚሉት ትዳር የፈረሰው እጁን ባነሣባት ቀን ነው። በዚህ ላይ አልከራከርም። ቀጥሎ።

ጥያቄ (ከኮለምበስ)፦ ሴት በመሆኔ በደረሰብኝ በደል ጥገኝነት መጠየቅ እችላለሁ? ትራምፕ ከልክለውታል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ የልቤን ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። በ1996 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ከግርዛት ለሸሸች አንዲት የቶጎ ወጣት ጥገኝነት ፈቀደ፤ ካሲንጋ ተብሎ የሚጠራው ውሳኔ ነው፣ ዛሬም ጸንቶ አለ። የተነካው ሌላው ነው። በ2018 የጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ የባል ጥቃት በአጠቃላይ ለጥገኝነት አይበቃም ብለው ወሰኑ። በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ግን ብዙ ዳኞች ያንን እየጠቀሱ ከለከሉ። ባይደን ፌብሩዋሪ 2 ቀን ጉዳዩ በ180 ቀን ውስጥ እንዲመረመር አዘዋል። ሜሪክ ጋርላንድ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ትናንት ቃለ መሐላ ፈጽመዋል፤ ያንን ውሳኔ በአንድ ፊርማ መሻር ይችላሉ። እንዲሽሩት አጥብቄ እመኛለሁ።

ከኢትዮጵያ ለሚመጡት አንድ ችግር አለ። የ2005ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይቀጣል፤ ስለዚህ መርማሪው «ሕግ እያለ መንግሥትሽ ለምን አይጠብቅሽም?» ብሎ ይጠይቃል። ሕግ መኖሩና መሥራቱ ለየቅል ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ቀበሌ ሄደሽ ምን እንደተባልሽ በዝርዝር ጻፊ፤ አልሄድሽም እንደሆነ ለምን እንዳልሄድሽ ጻፊ። አንዴ ተገርዣለሁ፣ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ ብለሽም አትተዪው፤ ያለፈ ጉዳት ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ፦ አሜሪካ ከገባችሁ አንድ ዓመት ሳይሞላ አመልክቱ። ጋርላንድ እስኪወስኑ ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ዓመቱን ያስቀመጠው የ1996 ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሲቀየር አይቀየርም።

አባል (ከዳላስ)፦ ይህ መንግሥት ውርጃ የሚደግፍ ነው። ክርስቲያን ሆኖ እንዴት ተስፋ ይደረግበታል? ትራምፕ ይሻሉን ነበር።

አባል (ከዴንቨር)፦ ግብፅ ግድባችንን ታፈነዳዋለች ያሉትን ረሳሽው እንዴ?

አባል (ከዳላስ)፦ ግድቡን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ግድቡን ሌላ ጊዜ ተከራከሩበት። ሃይማኖታችሁንም አልነካም። ባይደን ጃንዋሪ 28 ቀን የሻሩትን ደንብ ግን እወቁት። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ድርጅት በሌላ ሰው ገንዘብም ቢሆን ስለ ውርጃ ምክር ከሰጠ እርዳታ ይከለከላል የሚል ነበር። ሬገን በ1984 አወጡት፣ ክሊንተን በ1993 ሻሩት፣ ቡሽ በ2001 መለሱት፣ ኦባማ በ2009 ሻሩት፣ ትራምፕ በ2017 መልሰው ወደ ጤና እርዳታው ሁሉ ማለት ይቻላል አሰፉት። የኢትዮጵያ ሕግ ለአካለ መጠን ላልደረሰች፣ ልጅ ለማሳደግ ላልተዘጋጀች ልጅ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። አንድ ክሊኒክ የአገሯ ሕግ የሚፈቅድላትን ቢነግራት ለወሊድ መከላከያና ለኤች.አይ.ቪ. የሚያገኘውን ድጋፍ ያጣ ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ ሌላ ሰው ቢመረጥ ደንቡ እንደገና ይመጣል። ሕግ ይውጣ እያልኩ የምጮኸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሳን ሆዜ)፦ ባይደን ለሁሉም ወረቀት ይሰጣል ተብሏል። የት ልመዝገብ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ረቂቅ ነው! ምዝገባ የለም፣ ቅጽ የለም፣ ክፍያ የለም። «ቀድሜ ላስመዝግብህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ሌባ ነው። ጠበቃ ወይም ዕውቅና ያለው ወኪል ላልሆነ ሰው ጉዳይህን አትስጥ፤ የሰፈር ልጅም ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰውም ቢሆን።

ጥያቄ (ከቺካጎ)፦ ማርች 8 ለቬንዙዌላውያን ጊዜያዊ ከለላ ተሰጠ። ለእኛስ? አገራችን ጦርነት ላይ ናት።

መልስ፦ ለኢትዮጵያ አልተሰጠም። ሥልጣኑ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው። ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ጦርነቱን ማን ጀመረው የሚለውን እዚህ የሚከፍት ሰው አስወጣለሁ።

ጥያቄ (ከናሽቪል)፦ እናቴ ታማለች። የጥገኝነት ጉዳዬ አልታየም። ደርሼ ልምጣ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ፤ ግን አትውጣ። ያለ ቅድመ ፈቃድ ከወጣህ ማመልከቻህን ትተኸዋል ይባላል። ፈቃድ ይዘህም ብትሆን ፈራሁት ወዳልከው አገር መመለስ ጉዳይህን ይገድለዋል። ከጠበቃህ ጋር ሳትነጋገር ትኬት አትቁረጥ።

ጥያቄ (ከሳን ዲዬጎ)፦ እህቴ ናይሮቢ በስደተኝነት ስትጠብቅ ብዙ ዓመቷ ነው። ባይደን የስደተኛውን ቁጥር አልጨመሩም?

መልስ፦ እጨምራለሁ ብለዋል። ትራምፕ ለዚህ በጀት ዓመት ያስቀመጡት 15,000 ነው። ባይደን በፌብሩዋሪ 62,500 እንዲሆን ለኮንግረስ አቅርበዋል። እስከ ዛሬ ግን አልፈረሙበትም። ያልፈረሙበት እያንዳንዱ ሳምንት ለእህትሽ የባከነ ሳምንት ነው፤ በዚህ በጣም አዝኛለሁ።

ጥያቄ (ከሂዩስተን)፦ እኔ ዜጋ ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ወደ ሁለቱ የቴክሳስ ሴናተሮች፣ ወደ ጆን ኮርኒንና ወደ ቴድ ክሩዝ ቢሮ ደውዪ። ስምሽንና የፖስታ ኮድሽን ንገሪያቸው፣ የ1994ቱን ሕግ ለማደስ በዚህ ሳምንት ለተወካዮች ምክር ቤት ስለ ቀረበው ረቂቅ አንሺ። በ2019 እዚያ አልፎ ሴኔት ውስጥ ነው የቀረው። በየሳምንቱ ደውዪ፤ ጓደኞችሽም ይደውሉ።

የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ «ወረቀቴስ» የሚሉ ናቸው። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነና መቼ እንደገባችሁ ጽፋችሁ ተመለሱ።