ሽፋኑ የሚላጠው ሲበርድ ነው

ልጆቼ፣

ሙቀት የሚቋቋም ሽፋን ላይ መሥራት የጀመረ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዲግሪ ይችላል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን ሌላውን አስቀድሙ እላችኋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሞቆ ቢበርድ ይችላል?

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ናሙና ከምድጃ አወጣሁ። አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ደስ ብሎኝ መዝገቡ ላይ «አለፈ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የጥፍር ያህል ቅርፊት ተነስቶ ወድቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጄት ሞተር ተርባይን ምላጭ ከኒኬል ቅይጥ ይሠራል። የሚመታው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ቅይጡ ደግሞ ከዚያ በታች ይቀልጣል። የሚያድነው ውስጡን የሚያቀዘቅዘው አየርና ላዩ ላይ ያለው ስስ የዚርኮኒያ ሴራሚክ ነው። ታዲያ ብረቱ ሲሞቅ ከሴራሚኩ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲበርድም ይበልጥ ይኮማተራል። ሁለቱ በየበረራው ይጓተታሉ። ንጹሕ ዚርኮኒያማ ራሱ ሲበርድ ክሪስታሉ ተቀይሮ ያብጣል፤ ከ7 እስከ 8 በመቶ ይትሪያ የሚባል ሌላ ኦክሳይድ የሚጨመርበት ይህን ለመከላከል ነው።

የወደቀ ቅርፊት አትጣሉ። ገልብጡት። ጀርባው ነጭ ከሆነ የተሰነጠቀው ሴራሚኩ ውስጥ ነው። የኔው ግን በሴራሚኩና በብረቱ መሃል ያለውን ማያያዣ ንጣፍ ጭምር ይዞ ነበር የተነሳው፤ ከሥሩ የቀረው ብረት ገጹ በደንብ አልሻከረም። በፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ቀልጦ የሚረጭ ሽፋን በዋናነት ሻካራውን ገጽ ቆንጥጦ ነው የሚይዘው፤ እኔ ደግሞ ብረቱን በአሸዋ ሳሻክር ቸኩያለሁ። ጥፋቱ ምድጃው ጋ ከመድረሱ በፊት ተሠርቶ አልቋል።

በ2022 የአሜሪካው ናሳ ሰው ሳይጭን በአርቴሚስ 1 ጉዞ ወደ ጨረቃ የላካት ኦራይን መንኮራኩር ስትመለስ ከሙቀት ጋሻዋ ላይ የከሰለው ክፍል በየቦታው ተቦድሶ ተገኘ። ናሳ መርምሮ የደረሰበትን ደጋግማችሁ አስቡት። መንኮራኩሯ ከባቢ አየሩን ነካ አድርጋ ወጥታ እንደገና ስትገባ፣ በመሃል ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ ጋሻው ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ውስጡ ታፍኖ ሰነጠቀው። በምድር ላይ የተደረገው ሙከራ ከበረራው የባሰ ሙቀት ስለነበረው የከሰለው ክፍል ጋዙን ያሳልፍ ነበር፤ ችግሩም አልታየም። እኛ ከባዱን ሙቀት ካለፈ ቀላሉን አያቅተውም እንላለን። እንደዚያ አይደለም።

ስለዚህ ናሙና ስታወጡ አጠገቡ ተቀመጡ። እጃችሁ እስኪይዘው መዝገብ ላይ ምንም አትጻፉ። በማግስቱ ጠዋትም እዩት፤ አድሮ የሚላጥ አለ።