ራም ጨመርኩ፣ ሦስተኛው መስኮት ግን አልመጣም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ ዊንዶውስ 11 አለው፣ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ጓደኛዬ ጽሑፉን፣ ፒዲኤፉንና ኤክሴሉን ጎን ለጎን ደርድሮ ይሠራል፤ እኔ ጋ ግን ያ ምርጫ ጭራሽ አይመጣም። አንድ ጥገና ቤት «ራም (ማሽኑ የተከፈተውን ሥራ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያንስሃል» ብሎኝ ከ4 ወደ 8 ጂቢ አሳደግኩ። ብሩ ወጣ፣ ሦስተኛው መስኮት አልመጣም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አይዞህ፣ ብርህን ሙሉ በሙሉ ውሃ አልበላውም። ግን ያከሙልህ ሌላ በሽታ ነው። ዊንዶውስ 11 ሦስት ዓምድ የሚሰጥህ ስክሪኑ ወደ ጎን ቢያንስ 1920 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ሲኖረው ነው፤ ያንተ 1366 ስለሆነ ራሙን 32 ብታደርሰውም አይሰጥህም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ዜድን አብረህ ተጫን፤ አንተ ጋ አራት አቀማመጥ ይመጣል፣ ሰፊ ስክሪን ላይ ስድስት።

1920 ያላቸውም ይሸወዳሉ። እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። የእኔ ላፕቶፕ 14 ኢንች ነው፣ 1920 በ1080፤ ግን ስኬሉ (ፊደሉንና ምስሉን የሚያጎላው ምርጫ) 150 በመቶ ላይ ስለነበር ዊንዶውስ ስፋቱን የሚቆጥረው 1280 ብሎ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ገብቼ 100 ሳደርገው ሦስቱ ዓምድ ወዲያው መጣ፣ ፊደሉ ግን ጤፍ አከለ፤ «ጸ» ይሁን «ጿ» ለመለየት አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። መለስኩት።

አንተ ቤት 1920 በ1080 የሆነ ቲቪ ካለ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘውና ሦስቱን እዚያ ደርድር። ከሌለ ፒዲኤፉን ግማሹ ላይ፣ ሌሎቹን ሁለቱን በቀረው ግማሽ ላይና ታች አድርጋቸው። ይጠባል፣ ግን ያሠራል።

ራሙን ደግሞ አትቆጭበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ ያለው 4 ጂቢ ነው፤ ብሮውዘርና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ግን ያ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ትርፉ ወደ ዲስክ ይሻገራል። ዲስክህ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ፣ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት እንደማምጣት ነው፤ መድረሱ አይቀርም፣ አንተ ግን ዳር ቆመህ ትጠብቃለህ። ቀጣዩን ብር ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ላይ አውለው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ትንሽ አሳ ቤት አለኝ። ርካሽ ታብሌት ገዝቼ የቴሌግራም ትእዛዝና ካልኩሌተሩን ስክሪን ከፍዬ ባንዴ ልያቸው ብል፣ ልጄ «መክፈያው የለውም» አለችኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም እትዬ። አንድሮይድ ስክሪን መክፈልን ያመጣው በ2016 በወጣው 7ኛው ስሪት ነው፤ ራማቸው ትንሽ የሆኑ ዕቃዎች ላይ ግን ይዘጋዋል። ሁለት መተግበሪያ ባንዴ ሲሠራ አንዱ ሌላውን ያንቀዋላ! ሴቲንግ ውስጥ ስለ ታብሌቱ የሚለውን ይክፈቱ፤ ራሙ 2 ጂቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ እሱ ነው፣ ጥገና ቤትም አይፈታውም። አፕልም ቢሆን በ2015 ስክሪን መክፈልን ሲያመጣ 2 ጂቢ ላለው አይፓድ ኤር 2 ሰጥቶ፣ 1 ጂቢ ያለውን የመጀመሪያውን ኤር ከልክሎታል።

ሌላ እስኪገዙ (ያኔ 4 ጂቢ ይጠይቁ) ቴሌግራምን ይክፈቱ፣ ቀጥሎ ካልኩሌተሩን። ከዚያ ስክሪኑ ታች ያለችውን የካሬ ምልክት ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይንኳት፤ በብዙዎቹ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ትወስድዎታለች።