የጽጌን ጾም ያልጾመ ከማኅበር ይውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ኮንዶሚኒየም ደርሶን ኮዬ ፈጬ ከገባን ወዲህ በሰፈራችን የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር አቋቁመናል። ከጎንደርም፣ ከሸዋም፣ ከወለጋም፣ ከጉራጌም የመጣን ነን። ጥቅምት 27 ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ዶሮ ሠርቼ ጠበቅኋቸው። ግማሾቹ «ጽጌ ነው፣ እንጾማለን» ብለው ዳቦና ጠላ ቀምሰው ተነሡ። አንዷማ ወጡ ቀርቦ እያለ «ጾም ልታስገድፊን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ቅዳሴው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚቀር አለ፤ የአዲሱን ቄስ ዜማ «የእኛ አገር አይደለም» የሚል አለ። አባቶች ለምን ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገው አይገላግሉንም?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከዶሮው ልጀምር። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን የምንጾመው የፈቃድ ጾም ነው። ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ውስጥ አይደለም። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ እስካልሆነ ድረስ ዶሮ መሥራትሽ ነውር የለበትም። የጾሙትም ደግ አደረጉ። ያጠፋችው ያቺ የተናገረችሽ ናት፤ የራሷን የፈቃድ ጾም በአንቺ ላይ አዋጅ አደረገችው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፥ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ሲል ለሁለቱም ወገን ነው የተናገረው። አንቺም «አጉል ጻድቅ» ብለሽ ካማሻት እኩል ናችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት 27 የደረሰበት ተረኛ ከወጡ ጎን ሽሮ ያስቀምጥ፣ አለቀ። የማኅበራችሁ ሙሴም (መሪው) ይህን ቀድሞ መናገር ነበረበት፤ ሥራው ጽዋ ማዞር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ጠብ ይቀራል ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔ አይመስለኝም።

እስቲ አርመኖችን እይ። ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናቸው። ልደትንና ጥምቀትን ግን በአንድ ቀን ያከብራሉ፣ ቍርባናቸው እርሾ የሌለው ኅብስት ነው፣ ወይኑ ላይ ውኃ አይጨምሩም። እኛ ቤት አንድ ዲያቆን ከእነዚህ አንዱን ልሞክር ቢል ጉድ ይፈላ ነበር! የሕንድ ወንድሞቻችን ደግሞ ልደትን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው። እንዲህም ሆኖ በጥር 1957 የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። «መጀመሪያ ኅብስታችሁን እንደ እኛ አድርጉ» ያለ የለም።

በተቃራኒው የራሳችንን ታሪክ ተመልከቺ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010 ድረስ አገር ውስጥ አንድ ሲኖዶስ፣ ስደት ላይ ሌላ ሲኖዶስ ነበረን። አንዱ ሌላውን አውግዞ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተቀመጥን። የሃይማኖት ልዩነት ነበረ? የለም። ቅዳሴው ያው፣ ጾሙ ያው፣ ዜማው ያው። የተለያየነው በመንበሩ ጉዳይ ነው። የታረቅነውም ሁለቱም ፓትርያርኮች በየማዕርጋቸው እንዲቀመጡ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ አባቶች ተነጋግረው ሲስማሙ ነው። አንድ ዓይነት መሆን ብቻውን ከመለያየት አላዳነንም።

ስለ ዜማው ብዙ አልልም። ሁለቱ የቅዳሴ ዜማ ስልቶች፣ የደብረ ዓባይም የሰለልኩላም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ናቸው፤ አዲሱ ቄስ በተማረበት ይቀድስ። ለጆሮሽ እንግዳ የሆነ ሁሉ ስሕተት አይደለም። (ይህን የምለው ለአንዳንድ መሪጌቶችም ጭምር ነው።)

የከበደው የቋንቋው ነገር ነው። እዚህ ከተማው ዳር ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት የነበረ ገበሬም አለው፣ ትናንት ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ የገባም አለ። አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲቀደስ የተወሰደበት ይመስለዋል። በጥር 2015 ከሲኖዶስ ውጭ ጳጳሳት ተሹመው ስንታመስ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው መገልገሉ ነበር። የካቲት 8 አባቶች ሲስማሙ ሹመቱን አላጸደቁትም፣ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ግን ተስማሙ። ሥርዓት የጣሰውን እንቢ ማለት፣ ከጥሰቱ በስተጀርባ ያለውን እውነተኛ ጥያቄ ደግሞ አለመጣል፦ ከመሪ የሚጠበቀው ይህ ነው፤ ከባድም ነው። ቅዳሴን በግእዝ ካልሆነ ብሎ የሚቀር ሰው የቀረው ከሥጋ ወደሙ እንጂ ከኦሮምኛ አይደለም። የእናንተ አለቃም ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግሮ የትኛው እሑድ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀደስ አስቀድሞ ያስታውቅ። ሕዝቡ በር ላይ ደርሶ አይወቀው።

ታዲያ ሁሉም ይቻላል ማለት ነው? አይደለም። የሃይማኖታችን መሠረት በሆኑት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር (ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቍርባንና ትንሣኤ ሙታን) ላይ ድርድር የለም። አንድ ሰው በማኅበራችሁ ተቀምጦ ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ጌታችን ሰው መሆን ቤተ ክርስቲያን የማታስተምረውን ቢያስተምር «ለፍቅር ስንል እንለፈው» እንዳትሉ። እዚያው አትጨቃጨቁ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እሳቸው ለአለቃው ያድርሱ፣ ሰውየውም ተጠርቶ ይጠየቅ።