መልስ፦ ድንጋዩን ልፋቀው ወይስ ልቀቅለው?

ሰላም ወንድሜ፤ በዓሣ ገንዳህ ድንጋይ ላይ የበቀሉትን ነገሮች ለማጥፋት ድንጋዩን ልፋቀው ወይስ ልቀቅለው ብለሃል፤ ሁለቱንም እባክህ አታድርግ! በጨው ውሃ ገንዳህ ድንጋይ ላይ የበቀሉት፣ ሲነኩ ወደ ቀዳዳ የሚሸሸጉት ቡናማ አበባ መሳዮች አይፕታዚያ የተባሉ የባሕር እንስሳት ናቸው። ስትፍቃቸው ከምትቀረው ቁራጭ ሥጋ አዲስ ይበቅላል። መቀቀሉ ደግሞ ይብሳል፤ ድንጋዩ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉት ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ካሉ እንፋሎቱ ቤተሰብህን ሊመርዝ ይችላል።

የውሃውን ፓምፕ አጥፋና የሎሚ ጭማቂ በመርፌ አይፕታዚያዎቹ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብለህ ውጋ። በአንድ ጊዜ ጥቂቶቹን ብቻ፣ አለዚያ የውሃው ፒኤች ይወርዳል፤ ማለትም ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳም ይበላቸዋል፤ ነገር ግን ከባሕር እስከ ጅማ በሕይወት ማድረሱ ከባድ ስለሆነ እኔ መርፌውን እመርጣለሁ። የዓሣዎቹንም ምግብ ቀንስ፤ ትርፍራፊው አይፕታዚያዎቹን ያፋፋል።