ኮምቡ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም! የጃፓን ሾርባ ልሞክር ብዬ ኮምቡ የሚሉትን ደረቅ የባሕር አረም ገዛሁ። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት አለው። ሻግቶ ይሆን? አጥቤ ልቀቅለው ወይስ ልጣለው? (አንባቢያችሁ ነኝ)

መልስ፦ ኧረ እንዳትጥዪው እህቴ! ያ ነጭ ነገር በአብዛኛው ማኒቶል ይባላል፤ አረሙ ሲደርቅ ከውስጡ የሚወጣ፣ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ስለዚህ አትጠቢው፣ ጣዕሙን ታጥቢዋለሽ። አሸዋ ካለው ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጊው። ፀጉር መሳይ ነገር ካበቀለ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ግን ያለ ርኅራኄ ጣዪው።

ለ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ገደማ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በቀስታ አሙቂውና ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር፣ ሳይንተከተክ በፊት፣ አውጪው። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚያበላሹት፤ ከተንተከተከ ውኃው ይዝለገለጋል፣ መረር ይላል። የቀረው ውኃ ዳሺ ነው፣ የሾርባው መሠረት። ኬሚስቱ ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ግሉታሜትን፣ ማለትም ምግብን የሚያጣፍጠውን ንጥረ ነገር፣ ያወጣው ከዚሁ ከኮምቡ ነበር፤ አጂኖሞቶ የሚባለው የምግብ ማጣፈጫም የመጣው ከዚያ ነው።

ጃፓኖች ብዙ ጊዜ ካትሱኦቡሺ የተባለ የደረቀ ዓሣ ይጨምሩበታል። በጾም ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ኮምቡው ብቻውን ይበቃሻል፤ ደረቅ እንጉዳይ ከጨመርሽበትማ የበለጠ ይጣፍጣል። የተቀቀለውን አትድፊው፣ በቀጭኑ ከትፈሽ በሶይ ሶስና በስኳር አብስይው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ኮምቡ አዮዲኑ እጅግ ብዙ ነው። የታይሮይድ ችግር ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አታዘውትሪው፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።